7518፦ ምሥጢሩ በቀሪው ያለ ቁጥር

«ጋዜጠኝነት የገባነው ከሒሳብ ሸሽተን ነው» የምትለዋን ቀልድ ዲፓርትመንታችን ውስጥ ያልሰማ የለም። እኔ ግን ዛሬ ስለ አንድ ቁጥር ላወጋችሁ ነው። ቁጥሩ 7518 ነው።

ከየት መጣ? የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት ከዓለም ፍጥረት እስከ ክርስቶስ ልደት 5500 ዓመት ይቆጥራሉ። 2018 ዓ.ም. ሲደመርበት 7518 ይሆናል፤ ድምሩም ዓመተ ዓለም ይባላል። የዚህ ቁጥር ጉልበት ታዲያ በትልቅነቱ ሳይሆን ሲካፈል በሚተርፈው ላይ ነው።

እስቲ ለ4 እናካፍለው። 1879 ደርሶ 2 ይቀራል። ቀሪው 1 ከሆነ ዘመኑ ማቴዎስ፣ 2 ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ፣ ምንም ካልቀረ ዮሐንስ ነው። ስለዚህ 2018 ዘመነ ማርቆስ ነው ማለት ነው።

የደረሰውን 1879 ከ7518 ጋር እንደምርና 9397ን ለ7 እናካፍል፤ 3 ይቀራል። 1 ማክሰኞ፣ 2 ረቡዕ፣ 3 ሐሙስ። መስከረም 1 ቀን 2018 የዋለው ሐሙስ ነበር! ለምን ይሠራል? 365 ቀን 52 ሳምንት ከ1 ቀን ስለሆነ አዲስ ዓመት በየዓመቱ አንድ ቀን ይገፋል። በየ4 ዓመቱ ደግሞ በጳጉሜን 6 ምክንያት አንድ ይጨመራል። 1879 የእነዚህ ጭማሪዎች ቁጥር ነው።

ጨረቃ በ19 ዓመት ወደ ቦታዋ ስለምትመለስ ለ19ም ይካፈላል። 13 ይቀራል፤ አንዱ ሲነሣ 12 ወንበር ይሆናል። 12 በ19 ተባዝቶ 228፤ ይህ ለ30 ሲካፈል 18 ይቀራል፤ መጥቅዕ ይሉታል። መስከረም 18 እሑድ ዋለ፤ የእሑድ ተውሳክ 7 ሲደመር 25። የነነዌ ጾም ጥር 25 ገባ፣ ከ69 ቀን በኋላ ፋሲካ ሚያዝያ 4 ዋለ።

4፣ 7 እና 19 ከ1 በቀር የጋራ አካፋይ የላቸውም። ስለዚህ ሦስቱም ቀሪዎች አንድ ላይ የሚደገሙት በ4 × 7 × 19 = 532 ዓመት ነው፤ ዐቢይ ቀመር የሚባለው ይኸው ነው። የ2018 ፋሲካ በ1486 ዓ.ም. ከዋለበት ቀን ጋር አንድ የሆነውም ለዚህ ነው።

«ለእኛ ምን ይረባናል?» ትሉ ይሆናል። ጊንጪ ያገኘኋቸው አንድ መሪጌታ ይህን ሁሉ ወረቀት ሳይነኩ አስልተው ሲያበቁ፣ «ልጄ፣ አንተስ ዜና ስትጽፍ ቀኑን ከየት ታመጣለህ?» አሉኝ። «ከካላንደር» አልኳቸው። «ካላንደሩ ቢሳሳትስ?»

ከአምቦ እስከ ባኮ ሥጋ ቤት የሚዘጋው፣ የዶሮና የበግ ገበያ የሚደራው፣ ተማሪው ለበዓል አገር ቤት ለመግባት አውቶቡስ የሚሻማው በዚህ ቀን ነው። ቀኑን ለሕዝብ የምንናገር ሰዎች ደግሞ እኛ ነን። ማጣራት ሥራችን ከሆነ፣ ይህ በእርሳስና በአምስት ደቂቃ የሚጣራ ነገር ነው።

በሉ 2019ን እናንተ ሞክሩት። ዘመነ ሉቃስ፣ መስከረም 1 ዓርብ ካልመጣላችሁ እንደገና አካፍሉ። ቸር እንሰንብት።