ጉርድ ፎቶግራፍ እና ጣት፦ ሐዘንተኛ ሲሥል አእምሮው ምን ይሠራል?

ከሻሸመኔ ተነስቶ በኮፈሌ፣ በዶዶላና በአዳባ አልፎ ሮቤ የሚገባ መንገደኛ በመስኮቱ የሚያየው የስንዴና የገብስ ማሳ ብቻ አይደለም። ከመንገዱ ዳር ሥዕል ያለባቸው መቃብሮችም ይታያሉ። የአርሲ ኦሮሞ የወገኑን መቃብር በቅርጽና በደማቅ ቀለም የማስጌጥ የቆየ ልማድ አለው። ፈረስ ይሣልበታል፤ ጦር ወይም ጠመንጃ ይሣልበታል፤ አንዳንዴም አንበሳ። ሠዓሊው የሟቹን አፍንጫና ግንባር እንደ ካሜራ ለመቅዳት አይጨነቅም። የሚጨነቀው ሰውዬው በምን ይታወቅ እንደነበር ለማሳየት ነው።

ዛሬ ሮቤም ሆነ ጎባ ሰው ሲሞት ከቤተሰቡ አንዱ ወደ ፎቶ ቤት ይሮጣል። ብዙ ጊዜ በእጁ የያዘው አንዲት ሦስት በአራት ጉርድ ፎቶግራፍ ነው፤ ከመታወቂያ ላይ የተላጠ፣ ማኅተም ትከሻው ላይ ያረፈበት። "ይቺን አሳድጉልን" ይላል። ባለሙያው ኮምፒዩተሩ ላይ ማኅተሙን ያጠፋል፣ ጭረቱን ይደፍናል፣ ጀርባውን ይቀይራል። ያ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ፊት ድንኳኑ ውስጥ በትልቁ ትቆማለች።

በመቃብሩ ሥዕልና በፎቶ ቤቱ ሥራ መካከል ሦስተኛ መንገድ አለ። ሐዘንተኛው ራሱ በገዛ ስልኩ ላይ፣ በገዛ ጣቱ ይሥላል። ለዚህ ሠዓሊ መሆን አያስፈልግም። መሣል ሐዘንን አያስረሳም፤ ማስረሳትም የለበትም። የሚያደርገው ሐዘን የሚጠይቀውን ከባድ ሥራ በትንሽ በትንሹ ለእጅ ማካፈል ነው። ይህ እንዴት እንደሚሆን ለማየት አባቱን በቅርቡ የቀበረ አንድ የሮቤ ወጣት እናስብ።

አእምሮ ሞትን የሚማረው ቀስ ብሎ ነው

የዚህ ወጣት አባት ለብዙ ዓመታት ሲመሽ ዱላቸውን በሩ ላይ አስደግፈው ይገቡ ነበር እንበል። የልጁ አእምሮ ያንን ድምፅ ሺህ ጊዜ ሰምቶታል፤ ሰዓቱ ሲደርስ ሳይታዘዝ ይጠብቀዋል። ቀብሩን በዓይኑ አይቷል፣ አፈር አልብሷል፤ ሲመሽ ግን ጆሮው አሁንም በሩ ላይ ነው። ይህ እብደት አይደለም። የሞቱን ዜና በአንድ ቀን ሰምቶታል፤ "ይመጣሉ" የሚለውን ልማድ ግን የገነባው በዓመታት ነው፤ በአንድ ቀን አያፈርሰውም።

አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ሜሪ ፍራንሲስ ኦኮነር እና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጡት ጥናት እናታቸውን ወይም እኅታቸውን በጡት ካንሰር ያጡ 23 ሴቶችን በአእምሮ ምስል ማንሻ መሣሪያ መርምረዋል። የሟቿን ፎቶግራፍና ስለ እሷ የሚናገሩ ቃላትን ሲያዩ ሐዘናቸው አልላላ ባላቸው ሴቶች ላይ ኒውክሊየስ አኩምበንስ የሚባለው የአንጎል ክፍል ይነቃ ነበር። ይህ ክፍል የምንወደውን ነገር ስንጠብቅና ስንናፍቅ የሚሠራ ነው። ኦኮነር በኋለኞቹ ሥራዎቿ ሐዘንን የምትገልጸው እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት ነው፦ አእምሮ የሚወደው ሰው የሌለበትን ዓለም እየደጋገመ ይማራል።

የለቅሶ ቤት ጥበብ

ብዙ ሰው ሐዘን በአምስት ደረጃዎች ያልፋል ሲባል ሰምቷል። የደረጃዎቹ ሐሳብ የመጣው ኤልሳቤጥ ኪዩብለር ሮስ እ.ኤ.አ. በ1969 ካሳተመችው መጽሐፍ ሲሆን፣ መነሻው ግን ራሳቸው ለሞት የቀረቡ ሕሙማን እንጂ ሐዘንተኞች አልነበሩም። እ.ኤ.አ. በ1999 ማርጋሬት ስትሮብ እና ሄንክ ሹት የተባሉ በኔዘርላንድስ የሚሠሩ ተመራማሪዎች የተለየ ሐሳብ አቀረቡ። ሐዘንተኛ ደረጃ እየወጣ አይሄድም፤ ይመላለሳል። አንዴ ወደ ማጣቱ ይጠጋል፤ ያለቅሳል፣ ያስታውሳል። አንዴ ደግሞ ወደ ኑሮው ይመለሳል፤ ያበስላል፣ ያርሳል፣ ልጅ ትምህርት ቤት ያደርሳል። ጤናው ያለው በመመላለሱ ውስጥ ነው።

ድንኳን ውስጥ የተቀመጠ ሁሉ ይህን ያውቀዋል። አዲስ ለቀስተኛ ሲገባ ለቅሶው እንደገና ይነሳል። ጥቂት ቆይቶ ይበርዳል፤ ቡና ይቀርባል፤ ስለ ዝናቡና ስለ ስንዴው ይወራል። ከዚያ ሌላ ሰው ይገባል። ሰልስቱም፣ አርባውም፣ በሙስሊሙ ቤት ዱዓውና ሰደቃውም ለሐዘንተኛው የሚያለቅስበትንና የሚያርፍበትን ጊዜ በተራ ይሰጡታል። እድርተኛው ድንኳን ሲተክል፣ ወንበር ሲደረድርና ምግብ ሲያቀርብ ሐዘንተኛው እንዲመላለስ ቦታውን እያመቻቸለት ነው።

ችግሩ ድንኳኑ ከፈረሰ በኋላ ነው። እንግዳው ያልቃል፤ ሌሊቱ ይረዝማል፤ ወጣቱ ከስልኩና ከዚያች ጉርድ ፎቶግራፍ ጋር ብቻውን ይቀራል። ሥዕሉ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው።

ጣት፣ መስታወት፣ ንብርብር

የስልክ መስታወት ከሥሩ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ፣ ዓይን የማያየው ስስ ንጣፍ አለው። ጣት ሲነካው የሰውነታችን እርጥበትና ጨው ከንጣፉ ላይ ጥቂት ኤሌክትሪክ ወደ ራሱ ይስባል። ስልኩ የጎደለውን ቦታ በሰከንድ ብዙ ጊዜ እየለካ ጣቱ የት እንዳለ ያውቃል። ከባሕር ወለል 2,700 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ በተቀመጠችው ጎባ በሌሊት ብርድ የሱፍ ጓንት አድርጎ ለመሣል የሞከረን ሰው ስልኩ እንቢ የሚለው ለዚህ ነው፤ ሱፍ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም።

ወጣቱ ኢቢስ ፔይንትን የመሰለ የሥዕል መተግበሪያ ይከፍታል። አንዴ ከተጫነ ለመሣል ኔትወርክ አይፈልግም። የአባቱን ፎቶግራፍ ያስገባና መልኩ እንዲደበዝዝ ድፍነቱን ወደ 30 በመቶ ያወርደዋል። ከዚያ በላዩ አዲስ ሌየር ይከፍታል። ሌየር ማለት ንብርብር ነው፤ በፎቶው ላይ የተዘረጋ ብርሃን አሳላፊ ወረቀት እንደማለት። ስልኩ በእያንዳንዷ የምስል ነጥብ ላይ ትንሽ ስሌት ይሠራል፦ 30 እጁን ከፎቶው፣ 70 እጁን ከሥሩ ካለው ነጭ ወስዶ ይቀላቅላል። የዚህን ስሌት ሕግ ቶማስ ፖርተር እና ቶም ደፍ እ.ኤ.አ. በ1984 አሳተሙት፤ እስካሁንም የዲጂታል ምስል መሠረት ነው።

አሁን ጣቱ ይንቀሳቀሳል። በቅንድቡ ይጀምራል፤ መስመሩ ይጠማል፤ የመመለሻዋን ቀስት ይነካና መስመሩ ይጠፋል። እንደገና ይሠራል። ወረቀት ላይ ቢሆን ኖሮ ሦስተኛው ስሕተት ወረቀቱን ያስቀድደው ነበር፤ እዚህ ስሕተት ዋጋ አያስከፍልም። ወደ ጋቢው ሲደርስ ነጭ ቀለም ይመርጣል፤ ያደርግበታል፤ አይመስልም። የቀለም መልቀሚያውን ፎቶው ላይ ሲያሳርፍ ቁጥሩ ሌላ ነው፦ ቀይ 190፣ አረንጓዴ 196፣ ሰማያዊ 206። የአባቱ ጋቢ በጥላው በኩል ነጭ አልነበረም፤ ሰማያዊ ያጠላበት ግራጫ ነበር። ስልኩ ሦስቱን ብርሃኖች ከ0 እስከ 255 እያመጣጠነ ከ16 ሚሊዮን በላይ ቀለም መፍጠር ይችላል፤ ልጁ ግን ለአንድ ሰዓት የፈለገው አንዱን ብቻ ነው። ያንን ጋቢ ዕድሜ ልኩን ሲያየው ኖሯል፤ እንዲህ ልብ ብሎ ሲመለከተው ግን የመጀመሪያው ነው።

እጅ ሲሠራ

በዚያች ሰዓት አእምሮው ውስጥ ቢያንስ ሦስት ነገሮች ይከናወናሉ።

የመጀመሪያው የማስታወስ ነው። በካናዳ የዋተርሉ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጡት ጥናት ሰዎች ቃላትን ከሚጽፉ ይልቅ የቃላቱን ትርጉም ቢሥሉ ደህና አድርገው እንደሚያስታውሱ አሳይተዋል፤ በብዙዎቹ ሙከራዎች እጥፍ ያህል። የሥዕሉ ማማር ለውጥ አላመጣም። ምክንያቱም መሣል ዓይንን፣ እጅንና ትርጉምን በአንድ ላይ ያሠራል። ሐዘንተኛን ከሚያስፈሩት ነገሮች አንዱ "መልኩ ይጠፋብኝ ይሆን?" የሚለው ነው፤ የሣለ እጅ ለዚህ ፍርሃት መልስ አለው።

ሁለተኛው የሚያሳድደው ምስል ነው። አንዳንዴ ዓይን ላይ የሚመላለሰው የአባት ሳቅ ሳይሆን የመጨረሻው የሆስፒታል አልጋ ነው። ኤሚሊ ሆምስ እና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2009 ሰዎች የሚዘገንን ፊልም እንዲያዩ አደረጉ፤ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ከፊሎቹ ቴትሪስ የተባለውን የኮምፒዩተር ጨዋታ ተጫወቱ። በሚቀጥለው ሳምንት የተጫወቱት ላይ ድንገት እየመጡ የሚረብሹ ምስሎች አነሱ፤ ፊልሙን ግን አልረሱትም። ቅርጽን የሚያገላብጠው የአእምሮ ክፍል ቦታው ጠባብ ስለሆነ በአንድ ጊዜ ሁለት ነገር አይሸከምም። መሣልም ቅርጽን የማገላበጥ ሥራ ነውና በዚሁ መንገድ ሊያግዝ ይችላል ብሎ ማሰብ ምክንያታዊ ነው።

ሦስተኛው የሰውነት ጭንቀት ነው። ጊሪጃ ካይማል እና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2016 በፊላደልፊያ 39 ሰዎችን ለ45 ደቂቃ በሸክላ፣ በቀለምና በቁርጥራጭ ወረቀት አሠሩ፤ ከሥራው በፊትና በኋላ ምራቃቸውን መረመሩ። ከተሳታፊዎቹ 75 በመቶ ገደማ በሚሆኑት ላይ ኮርቲሶል የተባለው የጭንቀት ሆርሞን ቀነሰ፤ መሣል የለመዱትና ያልለመዱት አልተለያዩም። ጥናቱ ትንሽ ነው፤ ስልክም አልተጠቀመም፤ ጀማሪን ግን ያበረታታል።

ከሁሉ በላይ ግን ያ መመላለስ አለ። ልጁ የአባቱን ጆሮ ሲሥል እንባው ይመጣል፤ ወዲያው ብሩሹ ወፍሮበት ማስተካከል አለበት፤ እንባው ይቆማል። ከዚያ ወደ ጆሮው ይመለሳል። ድንኳኑ በቀን ያደርግለት የነበረውን አሁን በሌሊት ብቻውን እያደረገው ነው።

መልክ ባይሣልስ?

በባሌ የሰውን መልክ መሣል ሃይማኖቱ የማይፈቅድለት ሰው ብዙ ነው። ከላይ የተባለው ሁሉ ግን የግድ ፊት አይፈልግም። ዱላው አለ፤ ፈረሱ አለ፤ ማሳው አለ። ከጎባ ወደ ላይ ሲወጣ ሳነቴ የተባለው አምባ አለ፤ በ4,377 ሜትር የቆመው ቱሉ ዲምቱ፣ ቀይ ቀበሮው፣ ዓመታት ቆሞ አንዴ ብቻ አብቦ የሚደርቀው ጅብራ። እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት በተመዘገበው በዚሁ የባሌ ፓርክ ውስጥ ከአባቱ ጋር ያለፈ ልጅ ያንን ጅብራ ቢሥል አባቱን አልሣለም የሚል ማን ነው?

ትልልቆቹ ሠዓሊዎችም በዚህ መንገድ ይሄዳሉ። እ.ኤ.አ. በ1970 አዲስ አበባ የተወለደችው ጁሊ ምህረቱ የመከራ ቀን የዜና ፎቶግራፎችን በኮምፒዩተር ታደበዝዝና በላያቸው ትሥላለች። እ.ኤ.አ. በ2016 የሠራችው የፈርጉሰን ሥዕል መነሻው በዚያች የአሜሪካ ከተማ ከአንድ ጥቁር ወጣት ግድያ በኋላ የተነሳ ፎቶ ነው፤ ፎቶው አይታይም፤ ሥሩ ግን ያለው እሱ ነው። በኪያ ታደለ የሚመራው ያጥሬዳ የተባለው የቤተሰብ የዲጂታል ጥበብ ቡድንም በዝግታ በሚንቀሳቀሱ ጥቁርና ነጭ ምስሎቹ ሥራውን የሚጠራው በአንድ የኛ ቃል ነው፦ ትዝታ።

ልኩን ማወቅ

ዛሬ የሟችን ፎቶ በአንድ ንክኪ ዓይኑን የሚያርገበግቡ፣ ፈገግ የሚያሰኙ መተግበሪያዎች አሉ። አልነቅፋቸውም፤ ግን እጅ ምንም አልሠራባቸውም። ሐዘንተኛውን የረዳው የተጠናቀቀው ምስል ሳይሆን ጋቢውን ሲፈልግ ያሳለፈው ሰዓት ነበር።

ሥዕል ሕክምናን አይተካም። የዓለም ጤና ድርጅት ከስድስት ወር በላይ ቆይቶ ኑሮን የሚያሰናክልን ከባድ ናፍቆት የተራዘመ ሐዘን ብሎ በሕመም መዝግቦታል፤ እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ የጥናቶች ድምር ከ10 ሐዘንተኞች አንዱ ገደማ እንደሚያጋጥመው ገምቷል። ከቤት መውጣት ያቃተው፣ መብላት የተወ፣ መሞትን የሚመኝ ሰው ስልክ ሳይሆን ሐኪምና ወገን ያስፈልገዋል፤ ዛሬውኑ።

ወጣቱ ከሳምንታት በኋላ ከፎቶው ሌየር ጎን ያለችውን የዓይን ምልክት ይነካል። ፎቶው ይጠፋል። ስክሪኑ ላይ የሚቀረው የእጁ መስመር ብቻ ነው፤ ጠመም ያለ፣ እሱ የሚያውቀውን አባት የመሰለ። ስልኩን ይዞ አክስቱ ቤት ይሄዳል። አክስቱ መነጽራቸውን አድርገው ረጅም ጊዜ ያዩታል። "ጋቢውን በግራ ነው የሚያጣፋው፤ ከልጅነቱ ጀምሮ" ይሉታል። እሱም አዲስ ሌየር ይከፍታል።