ከእጅ ወደ እጅ የሚተላለፍ ኤስኤስዲ፦ መረጃው በእርግጥ ጠፍቷልን?



በቦሌና በመገናኛ አካባቢ ባሉ የኮምፒውተር መደብሮች ያገለገለ ላፕቶፕ መሸጥና መግዛት የተለመደ ነው። በአገራችን አሮጌ ማሽን በቀላሉ አይጣልም፤ ከመሥሪያ ቤት ወደ ሠራተኛ፣ ከሠራተኛ ወደ ተማሪ ይተላለፋል። ልማዱን እደግፋለሁ። የሚያሳስበኝ አብሮት የሚተላለፈው የደመወዝ መዝገብ፣ የታካሚ ማኅደርና የተማሪ ውጤት ነው። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ደግሞ የሰዎችን መረጃ የያዘ ተቋም የመጠበቅ ሕጋዊ ግዴታ አለበት።

ብዙዎቻችን የምናውቀው መፍትሔ ዲስኩን በዜሮ መሙላት ነው። ለማግኔታዊው ሃርድ ዲስክ ይህ ይበጃል። ኤስኤስዲ ግን በነበረው ላይ ደርቦ አይጽፍም። የፍላሽ ማኅደር የሚጻፈው በትናንሽ ገጾች ሲሆን፣ የሚጠፋው ብዙ ገጾችን በያዘ ብሎክ ነው። ስለዚህ የዲስኩ መቆጣጠሪያ ቺፕ አዲሱን መረጃ በሌላ ባዶ ገጽ ላይ ያሰፍርና የአድራሻ ሰንጠረዡን ብቻ ያስተካክላል። አሮጌው ገጽ ብሎኩ እስኪጠፋ ድረስ ባለበት ይቆያል። በዚያ ላይ ተጠቃሚው የማይደርስበት መጠባበቂያ ቦታ አለ፦ 275 ቢሊዮን ባይት ያህል ፍላሽ በውስጡ ይዞ 240 ጊጋባይት ተብሎ የሚሸጥ ዲስክ 35 ቢሊዮን ባይት ያህሉን ይሰውራል። ዲስኩን በዜሮ የሞላው ሶፍትዌር «ጨርሻለሁ» ሲለን ያንን ቦታ አላየውም።

በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳንዲያጎ የሚገኙ ተመራማሪዎች በ2011 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ቺፖቹን በቀጥታ አንብበው ይህንኑ አረጋግጠዋል። አንዱ ዲስክማ የማጥፊያውን ትእዛዝ በሚገባ ፈጽሜያለሁ ብሎ ሳለ መረጃው እንዳለ ተገኝቷል።

እንግዲህ ሥራውን ለራሱ ለመቆጣጠሪያው ማዘዝ ይገባል። ለሳታ ዲስኮች «ሴኪዩር ኢሬዝ»፣ ለኤንቪኤምኢ ዲስኮች «ሳኒታይዝ» የተባሉ ትእዛዞች አሉ፤ በሊኑክስ ኤችዲፓርም እና ኤንቪኤምኢ-ሲኤልአይ በተባሉ መሣሪያዎች ይላካሉ። ዲስኩ በዩኤስቢ መያዣ ከተገናኘ ትእዛዙ ብዙ ጊዜ አያልፍም፤ በቀጥታ ከማሽኑ ጋር ይያያዝ። የመብራት መቋረጥን ማሰብም ለእኛ ቅንጦት አይደለም። «ሳኒታይዝ» ኃይል ሲመለስ ካቆመበት ይቀጥላል፤ «ሴኪዩር ኢሬዝ» መሐል ላይ ከተቋረጠ ግን ዲስኩ በይለፍ ቃል ተቆልፎ ሊቀር ይችላል። ባትሪው በሞላ ላፕቶፕ መሥራት ይመረጣል።

ከዚህ ሁሉ የምመርጠው ግን ቀደም ብሎ የሚደረገውን ነው፦ የመጀመሪያው ፋይል ከመቀመጡ በፊት ሙሉውን ዲስክ በቢትሎከር ወይም በሊኑክሱ ሉክስ ማመስጠር። ያኔ በተሰወረው ቦታ የሚቀረው ገጽም ያለ ቁልፉ አይነበብም፤ ቁልፉንና ቅጂዎቹን ማጥፋት በቂ ይሆናል። መረጃው ከተጻፈ በኋላ ማመስጠር ግን ቀድሞ በግልጽ የሰፈሩትን ገጾች አያስተማምንም። (የመልሶ ማግኛ ቁልፉን አትሞ ላፕቶፑ ቦርሳ ውስጥ የሚያስቀምጥ ሰው ቁልፉን በር ላይ እንደ ሰቀለ ይቆጠራል።)

ተበላሽቶ ትእዛዝ የማይቀበልና ያልተመሰጠረ ዲስክ ለዳግም አገልግሎት አይሰጥ፤ ይሰበር። መሐሉን መብሳት ብቻ አይበቃም፦ መረጃው ያለው በጥቋቁሮቹ የፍላሽ ቺፖች ውስጥ ስለሆነ እያንዳንዳቸው መድቀቅ አለባቸው።