ሃያሉሮናን በእንቁራሪት ሽል እድገት

ሃያሉሮናን በእንስሳት ሕዋሳት መካከል ያለውን ክፍተት ከሚሞሉ ንጥረ ነገሮች አንዱ ሲሆን ከስኳር የተሠራ ረጅም ሰንሰለት ነው። ሃያሉሮኒክ አሲድ ተብሎም ይጠራል፤ ብዙ ሰው በዚህኛው ስሙ የሚያውቀው ከፊት ቅባት ማሸጊያ ላይ ነው። በእንቁራሪት ሽል ውስጥ እንቁላሉ በዳበረ በመጀመሪያው ቀን መሠራት ይጀምራል፤ ጡንቻ፣ ነርቭና የፊት አጥንት የሚሆኑ ሕዋሳትም ወደየቦታቸው ለመጓዝ ያስፈልጋቸዋል። በዚህ ጉዳይ አብዛኛው ጥናት የተካሄደው ከሰሃራ በታች ባለው አፍሪካ በምትኖረው ባለጥፍር እንቁራሪት፣ በዜኖፐስ ላቪስ ላይ ነው። ዘመዷ ዜኖፐስ ክሊቪ በኢትዮጵያና በኤርትራ ትገኛለች።

አሠራሩ

ሃያሉሮናንን በ1934 እ.ኤ.አ. ከከብት ዓይን ውስጥ ለይተው ያወጡት ካርል ማየርና ጆን ፓልመር ናቸው። የስሙ መነሻ «መስታወት» የሚል ትርጉም ያለው የግሪክ ቃል ነው። ሰንሰለቱ ግሉኩሮኒክ አሲድና ኤን-አሴቲልግሉኮሳሚን የተባሉ ሁለት ስኳሮች እየተፈራረቁ የሚቀጣጠሉበት ሲሆን፣ ጥንዶቹ ከ10,000 ሊበልጡ ይችላሉ።

ሌሎች የዚህ ዓይነት ረጃጅም ስኳሮች የሚሠሩት በሕዋሱ ውስጥ፣ ከፕሮቲን ጋር ተያይዘው ነው። ሃያሉሮናን ከዚህ ይለያል። ሃያሉሮናን ሲንቴዝ የተባለው ኢንዛይም በሕዋሱ ሽፋን ላይ ተተክሎ ስኳሮቹን ከውስጥ ይቀበላል፤ ሰንሰለቱን ደግሞ እየሠራ ወደ ውጭ ይገፋዋል። ሰንሰለቱ አሉታዊ ሙል ስላለው ሶዲየምን ይስባል፤ ሶዲየሙን ተከትሎ ውኃ ይመጣል። በዚህ ምክንያት በሕዋሳቱ መካከል ያለው ቦታ ያብጣል፣ ይሰፋል። የጀርባ አጥንት ያላቸው እንስሳት ሃስ1፣ ሃስ2 እና ሃስ3 የተባሉ ሦስት ዋና ሲንቴዞች አሏቸው።

የዲጂ42 ክርክር

የዜኖፐስ ሽል በመጀመሪያ የሚኖረው እናቲቱ በእንቁላሉ ውስጥ ባስቀመጠችው ስንቅ ነው። የራሱ ጂኖች በብዛት መሥራት የሚጀምሩት ከ12 ያህል ክፍፍል በኋላ፣ ሕዋሳቱ ወደ 4,000 ሲደርሱ ነው። በ1988 እ.ኤ.አ. የኢጎር ዴቪድ የምርምር ቡድን ከእነዚህ ጂኖች ስለ አንዱ ጻፈ፤ ስሙን ዲጂ42 አለው። የጂኑ መልእክት ሽሉ ወደ ውስጥ እየታጠፈ ንብርብሮቹን በሚሠራበት በጋስትሩላ ጊዜ ይበዛል፤ የነርቭ ቱቦ ተሠርቶ ሲያልቅ ይጠፋል። ምን እንደሚሠራ ግን አልታወቀም ነበር።

ቅደም ተከተሉ ከሌሎች ጋር ሲነጻጸር በጣም የተመሳሰለው ባልተጠበቀ ቦታ ነበር፤ በባቄላና በአተር ሥር ላይ እባጭ የሚያበጁት የራይዞቢየም ባክቴሪያዎች ኖድሲ የተባለ ጂን አላቸው። ኖድሲ አጭር የካይቲን ሰንሰለት ይሠራል፤ ባክቴሪያው ለተክሉ ሥር ምልክት የሚሰጠው በዚህ ነው። ካይቲን ደግሞ የነፍሳት ቅርፊት የተሠራበት ስኳር ነው። ካርሎስ ሴሚኖና ፊሊፕስ ሮቢንስ በ1995 እ.ኤ.አ. የዲጂ42 ፕሮቲንም አጫጭር የካይቲን ሰንሰለቶችን ይሠራል ሲሉ አስታወቁ። እንቁራሪት እንደ ባክቴሪያ በካይቲን ምልክት ትሰጣለች ማለት ነውን? ሐሳቡ የሚማርክ ነበር።

በ1996 እ.ኤ.አ. ግን ማሪዮን ማየርና ጉንተር ክራይል በኦስትሪያ ሌላ ውጤት አገኙ። ዲጂ42ን በቫይረስ አማካይነት ወደ አጥቢ እንስሳ ሕዋሳት ሲያስገቡት ሕዋሳቱ ሃያሉሮናን ሠሩ። ከ1993 ጀምሮ የሚታወቀው የስትሬፕቶኮከስ ባክቴሪያ ሃያሉሮናን ሲንቴዝም ከዲጂ42 ጋር ይመሳሰል ነበር። ሆኖም አጥቢ ሕዋስ ራሱ ሃያሉሮናን መሥራት ስለሚችል፣ ዲጂ42 የሕዋሱን የራሱን ኢንዛይም አነቃቅቶ ይሆናል የሚል ጥርጣሬ ሊነሳ ይችላል። ይህን የዘጋው እርሾ ነው። እርሾ በተፈጥሮው ሃያሉሮናን አይሠራም። በ1996 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት ዲጂ42 የገባበት የእርሾ ሽፋን ሁለቱም ስኳሮች ሲሰጡት ሃያሉሮናን ሠራ። ዛሬ ዲጂ42 የዜኖፐስ ሃስ1 ተብሎ ይታወቃል።

የካይቲኑ ውጤትም ከባዶ የመጣ አይመስልም። ካይቲን የሚሠራው ከሁለቱ ስኳሮች ከአንዱ፣ ከኤን-አሴቲልግሉኮሳሚን ብቻ ነው፤ በ2000 እ.ኤ.አ. የአይጥ ሃስ1 ይህን ስኳር ብቻ ሲያገኝ አጭር የካይቲን ሰንሰለት እንደሚሠራ ታይቷል። በኮምፒውተር ቅደም ተከተል ለሚያነጻጽር ሰው ይህ ታሪክ ጥሩ ማስጠንቀቂያ ነው፦ መመሳሰሉ የኢንዛይሙን ቤተሰብ በትክክል ጠቁሟል፣ ምርቱን ግን አልነገረም።

ሲታገድ የሚሆነው

በ2006 እ.ኤ.አ. ሚኬላ ኦሪና ባልደረቦቿ የሃስ2ን መልእክት ሞርፎሊኖ በተባለ ሰው ሠራሽ አጭር ሰንሰለት አገዱ። በሽሉ ጀርባ ግራና ቀኝ በተርታ የሚደረደሩት ሶማይቶች፣ ማለትም ጡንቻ የሚወጣባቸው ክፍልፋዮች፣ ሥርዓታቸው ተዛባ። ጀማሪ የጡንቻ ሕዋሳት ሳይበስሉ ሞቱ። ወደ ሆድ ግድግዳ መጓዝ የነበረባቸው የጡንቻ ሕዋሳትና ከነርቭ ቱቦ ጫፍ የሚነሱት የነርቭ ክሬስት ሕዋሳትም ጉዟቸው ተሰናከለ።

ቀጥሎ ተመራማሪዎቹ ሃያሉሮናንን ከሚጨብጡት ተቀባዮች ዋናውን፣ ሲዲ44ን አገዱ። በዚህ ጊዜ ሶማይቶቹ ደህና ነበሩ፤ የነርቭ ክሬስት ሕዋሳትም ተጓዙ። የሆድ ጡንቻዎቹ ግን በእጅጉ ተጎዱ። ከዚህ እንደሚታየው ሃያሉሮናን ለሁሉም ሕዋስ አንድ ዓይነት ነገር አይደለም። ለሆድ ጡንቻ ሕዋስ በተቀባይ የሚነበብ መልእክት ነው፤ ለነርቭ ክሬስት ሕዋስ ግን ይበልጥ የሚመስለው የመንገዱ አካል ነው። በ2012 እ.ኤ.አ. ደግሞ የፊት ቅርጽ የሚሠሩት የራስ ነርቭ ክሬስት ሕዋሳትም ለጉዟቸው ሃያሉሮናን እንደሚያስፈልጋቸው ታይቷል።

በአይጥ ሃስ2 ፈጽሞ ሲጠፋ ጽንሱ ልቡ በአግባቡ ሳይሠራ በእርግዝናው አጋማሽ ይሞታል።

የሃያሉሮናን ሥራ ሽሉ ሲያድግ አያበቃም። እግር ያላወጣ የዜኖፐስ ግልገል ጅራቱ ሲቆረጥ መልሶ ያበቅላል። በ2009 እ.ኤ.አ. የታተመው በቺሊ የሚገኘው የሁዋን ላራይን ቡድን ሥራ እንደሚያሳየው፣ ከቁርጡ በኋላ የሃስ2 መልእክትና የሃያሉሮናን መጠን በቁስሉ ቦታ ለጊዜው ይጨምራሉ። ሲንቴዙን የሚያግድ መድኃኒት በመልሶ ማብቀሉ የመጀመሪያ ደረጃዎች ከተሰጠው ሕዋሳቱ እንደሚገባው አይባዙም፤ ጅራቱም በአግባቡ አይመለስም።