አጣጥ ከአጥር እስከ አክሲዮን ገበያ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ የዓባይን በረሃ ወርዶና ወጥቶ ደጀንን ያለፈ መንገደኛ፣ ደብረ ማርቆስ ሳይደርስ የአዋበል ወረዳን ዋና ከተማ ሉማሜን ያገኛል። አገሩ የጤፍ አገር ነው። በማሳ ዳር፣ በወንዝ አፋፍ፣ በየቤቱ አጥር ላይ ደግሞ አጣጥ የሚሉት እሾሃም ቁጥቋጦ አይጠፋም። ከብት እንዳያልፍ ይታጠርበታል፤ ቅጠሉን ለቁስል የሚጠቀሙበትም አሉ። ከዚያ ያለፈ ዋጋ አለው ብሎ የሚያስብ ሰው ግን እምብዛም የለም።

እ.ኤ.አ. ኅዳር 30 ቀን 2023 የአሜሪካው መድኃኒት አምራች አብቪ፣ ኢሚዩኖጅን የተባለውን ኩባንያ በ10.1 ቢሊዮን ዶላር ሊገዛ መስማማቱን አስታወቀ። ገዢውን የሳበው ኢላሂር የተሰኘው የካንሰር መድኃኒት ነበር። የዚህ መድኃኒት ገዳይ ክፍል ዘሩ ሲቆጠር የሚደርሰው፣ ከኢትዮጵያ ከተሰበሰበ የአጣጥ ወገን ተክል ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ተለይቶ ወደተገኘ ንጥረ ነገር ነው።

እንዲህ ያለ ነገር በተሰማ ቁጥር የሚነሣው ጥያቄ አንድ ነው፤ አገሪቱስ ምን አገኘች? መልሱም ብዙ ጊዜ «ተዘረፍን» በሚለው ቃል ይዘጋል። ነገሩ ግን ከዚያ ቃል ይልቅ ረጅም ነው። ተክሉ ወደ መድኃኒት፣ መድኃኒቱ ወደ ገንዘብ የተለወጠበትን መንገድ በየደረጃው ካላዩት፣ ቀጣዩን ዕድል ለመያዝም ያስቸግራል።

ከቅርንጫፍ እስከ ቤተ ሙከራ

የአሜሪካ ብሔራዊ የካንሰር ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. በ1960 ከአገሩ የግብርና መሥሪያ ቤት ጋር ሆኖ ከመላው ዓለም ተክሎችን እያሰባሰበ በካንሰር ሴሎች ላይ መሞከር ጀመረ። ዛሬ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ለጡት ካንሰር ሕሙማን የሚሰጠው ፓክሊታክሴል የተገኘው በዚሁ ፕሮግራም፣ ከአንድ የአሜሪካ ዛፍ ቅርፊት ነው። ከኢትዮጵያ ከተወሰዱት ናሙናዎች አንዱ ደግሞ ሳይንቲስቶች ማይቴነስ ከሚሉት ወገን የሆነ ተክል ነበር። አጣጥ የሚለው የአማርኛ ስም የሚያቅፈው ይህንኑ ወገን ነው።

ኬሚስቱ ሞሪስ ኩፕቻንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1972 ከዚህ ተክል ማይታንሲን የተባለውን ንጥረ ነገር ለይተው ማውጣታቸውን ይፋ አደረጉ። ማይታንሲን አንድ ሴል ለሁለት ሲከፈል የሚዘረጋቸውን ጥቃቅን ክሮች ይይዝና መከፋፈሉን ያስቆማል። ኃይሉ እጅግ የበረታ ነው። መጠኑ ግን እጅግ አነስተኛ ስለሆነ ከአንድ ኪሎ የደረቀ ተክል አንድ ሚሊግራም እንኳ አይሞላም። ሰብሳቢዎቹም የተሻለ ምርት የሚሰጥ ሌላ ዝርያ ፍለጋ ፊታቸውን ወደ ኬንያ ሺምባ ኮረብቶች አዞሩ።

ከዚያ በኋላ በሕሙማን ላይ የተደረጉት ሙከራዎች ተስፋውን አመነመኑት። ንጥረ ነገሩ የካንሰሩን ሴል ከጤነኛው አይለይም፤ ሕሙማኑንም ክፉኛ ጎዳ። ሙከራው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ ተቋረጠ። ይህን በተለይ ማወቅ የሚገባው አጣጥ ቀቅሎ ለካንሰር ሊጠጣ ወይም ለዘመዱ ሊያጠጣ ያሰበ ሰው ነው። በቅርንጫፉ ውስጥ ያለው መርዝ እንጂ መድኃኒት አይደለም፤ በባለሙያ ተለክቶ የተሰጣቸውን ሕሙማን እንኳ አልተመቻቸውም።

በዚህ መሃል እ.ኤ.አ. በ1977 የጃፓኑ ታኬዳ ተመራማሪዎች የማይታንሲንን የቅርብ ዘመድ የምታመርት ባክቴሪያ አገኙ። ከዚያ ወዲህ ንጥረ ነገሩን ለማግኘት ቅርንጫፍ መቁረጥ አላስፈለገም፤ ባክቴሪያዋን በጋን ማራባት በቂ ሆነ። ኢትዮጵያ በታሪኩ ውስጥ የነበራት ቦታ የጠበበው እዚህ ላይ ነው።

ፈቃድ የሚሉት በር

እ.ኤ.አ. በ1981 የተቋቋመው ኢሚዩኖጅን የተጣለውን መርዝ አንሥቶ አዲስ ዘዴ ሞከረ። መርዙን ከፀረ እንግዳ አካል ጋር አጣበቀው። ፀረ እንግዳ አካል በደም ውስጥ እየዞረ የሚፈልገውን ምልክት ያገኘ ጊዜ የሚጣበቅ ፕሮቲን ነው። እሱ የካንሰሩን ሴል ፈልጎ ያገኛል፤ መርዙ ደግሞ ሴሉ ውስጥ ከገባ በኋላ ይፈታል። በዚህ መንገድ ኢሚዩኖጅን ከጄኔንቴክ ጋር የሠራው ካድሳይላ፣ ኸር2 የተባለው ምልክት ለበዛበት የጡት ካንሰር የሚሰጥ ነው።

እዚህ ላይ ባለሀብቱ ይገባል። አንድ ወይም ሁለት መድኃኒት ብቻ በእጁ ያለ ኩባንያ ለዓመታት የሚሸጠው ነገር የለውም፤ የሚኖረው አክሲዮን በሚገዙት ሰዎች ገንዘብ ነው። እነርሱም የሚገዙት ተስፋን ነው። ያ ተስፋ ወደ ገቢ የሚለወጠው የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ፈቃድ ሲሰጥ ብቻ ስለሆነ፣ የፈቃዱ ወሬ ሲሰማ የአክሲዮኑ ዋጋ ሽቅብ ይወጣል ወይም ቁልቁል ይወርዳል።

የኢሚዩኖጅን ታሪክ ይህን ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2010 ካድሳይላ በፍጥነት እንዲፈቀድ የቀረበውን ማመልከቻ መሥሪያ ቤቱ ሳይመረምር መለሰው። 991 ሕሙማን የተሳተፉበት ትልቅ ሙከራ ግን መድኃኒቱን የወሰዱት ሕሙማን በሕይወት የሚቆዩበት መካከለኛ ጊዜ ከ25.1 ወደ 30.9 ወር ከፍ ማለቱን አሳየ፤ በየካቲት 2013ም ፈቃዱ ተሰጠ። በመጋቢት 2019 ደግሞ የኩባንያው ሌላ መድኃኒት፣ የዛሬው ኢላሂር፣ በአንድ ዋና ሙከራ ያሰበውን ግብ ሳይመታ ቀረ። የአክሲዮኑ ዋጋ በግማሽ ያህል ወደቀ። በዚያው ዓመት ሰኔ ወር ኩባንያው 220 ሠራተኞችን፣ ከአራት ሦስቱን ማለት ነው፣ ሊያሰናብት መሆኑን አስታወቀ።

ከሦስት ዓመት በኋላ ኢላሂር ለኦቫሪ ካንሰር የተፋጠነ ፈቃድ አገኘ። የተፋጠነ ፈቃድ እ.ኤ.አ. በ1992 የተጀመረ አሠራር ነው። እጢው ቀነሰ የሚል ዓይነት የመጀመሪያ ማስረጃ ሲገኝ መድኃኒቱ ለሕሙማን ይደርሳል፤ ኩባንያው ግን ለሕሙማኑ በእርግጥ የሚጠቅም መሆኑን በኋላ በሌላ ሙከራ ማረጋገጥ አለበት። ካላረጋገጠ ፈቃዱ ሊነሣ ይችላል። አቫስቲን የተባለው መድኃኒት በ2008 ለጡት ካንሰር ያገኘውን ፈቃድ በ2011 የተነጠቀው በዚህ ምክንያት ነበር። ኢላሂር ግን በግንቦት 2023 በ453 ሕሙማን ላይ የተደረገው ሙከራ ውጤት ሲነገር ዕድሜ ማራዘሙ ታየ፤ የኩባንያው አክሲዮን በአንድ ቀን ከእጥፍ በላይ ጨመረ። አብቪ ለአንድ አክሲዮን 31.26 ዶላር ሊከፍል የተስማማው ከሰባት ወር ገደማ በኋላ ነው።

ስለዚህ 10.1 ቢሊዮን ዶላር የቅርንጫፉ ዋጋ አይደለም። ለአርባ ዓመት የከሰረና የተነሣ ምርምር፣ በሺህ የሚቆጠሩ ሕሙማን ሰውነታቸውን የሰጡበት ሙከራ፣ ፓተንትና ፈቃድ ተደምረው ያመጡት ዋጋ ነው። ይህን ማመን የመጀመሪያውን እርምጃ ከንቱ አያደርገውም። ያ ናሙና ባይሰበሰብ ሌላው ሁሉ በዚያ መልክ አይጀመርም ነበር፤ ለሰጠው አገርም ከጅምሩ አንድ መስመር ውል አልተጻፈለትም።

ከጤፍ የተገኘ ትምህርት

ናሙናው በወጣበት ዘመን እንዲህ ያለ ውል የሚያስገድድ ሕግ በዓለምም አልነበረም። የተክልና የእንስሳት ዘር የየአገሩ ሀብት መሆኑን ያወጀው የብዝሃ ሕይወት ስምምነት የተፈረመው እ.ኤ.አ. በ1992 ነው፤ ወደ ኋላ ተመልሶም አይሠራም። ኢትዮጵያ ስምምነቱን እ.ኤ.አ. በ1994 አጽድቃ፣ በ1998 ዓ.ም. የጄኔቲክ ሀብትን አጠቃቀምና የማኅበረሰብ መብትን የሚመለከተውን አዋጅ ቁጥር 482 አወጣች። በአዋጁ መሠረት ናሙና የሚፈልግ ሰው ከብዝሃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ፈቃድ ያወጣል፤ ውል ይፈርማል። መንግሥት በገንዘብ ከሚያገኘው ጥቅም ውስጥም ግማሹ ለአካባቢው ማኅበረሰብ እንዲደርስ አዋጁ ይደነግጋል።

ውል መኖሩ ብቻ ግን በቂ አይደለም፤ ለዚህ ምስክሩ የሉማሜ ገበሬ በየዓመቱ የሚዘራው ጤፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 አንድ የሆላንድ ኩባንያ ጤፍን ሊጠቀም ከኢትዮጵያ ጋር ተዋዋለ። ስምምነቱ በወቅቱ ለሌሎች አገሮች አርአያ ይሆናል ተብሎ ነበር። ኩባንያው ግን የጤፍ ዱቄት አዘገጃጀትን በአውሮፓ በፓተንት አስመዘገበ፤ በ2009 ከሠረ። ኢትዮጵያ በጠቅላላው ያገኘችው ለአንድ አነስተኛ ምርምር የዋለ 4,000 ዩሮ ገደማ ነው። የሄግ ፍርድ ቤት በ2018 መጨረሻ ፓተንቱን በሆላንድ ውስጥ ዋጋ አልባ ያደረገውም በሁለት ኩባንያዎች ክርክር እንጂ ኢትዮጵያ ከሳ አይደለም።

ሌሎች አገሮች ከዚህ የጠነከረ ውል ሞክረዋል። የፓስፊኳ ሳሞዋ ባሕላዊ ሐኪሞች ከሚጠቀሙበት ዛፍ በተገኘው ፕሮስትራቲን በተባለው ንጥረ ነገር ላይ፣ ከአሜሪካው በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ጋር በ2004 ስትዋዋል ከገቢው ግማሹ የእርሷ እንዲሆን አስጽፋለች። መድኃኒቱ እስካሁን ገበያ ባይወጣም፣ ገንዘቡ ሳይመጣ ድርሻው ተጽፎ ይጠብቃል።

መድኃኒቱ ለምን አይደርስም?

የጥቅሙ ጥያቄ ከገንዘብ ይልቅ የሚከብደው በሕሙማን በኩል ሲታይ ነው። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ለ2020 ባወጣው ግምት፣ በዓመቱ በኢትዮጵያ ከ77,000 በላይ አዲስ የካንሰር ሕሙማን ነበሩ፤ ከእነዚህ 16,000 ያህሉ የጡት ካንሰር ያለባቸው ናቸው። ከሉማሜ አካባቢ ጡቷ ላይ እብጠት ያየች ሴት ወደ ደብረ ማርቆስ፣ ከዚያ ወደ ባሕር ዳር ወይም ዓባይን ተሻግራ ወደ አዲስ አበባ ትላካለች። የጨረር ሕክምና ለረጅም ዓመታት በመላ አገሪቱ የሚሰጠው በጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር። ብዙዎቹም ሐኪም ዘንድ የሚደርሱት በሽታው ከተስፋፋ በኋላ ነው።

ካድሳይላ ለእርሷ ይጠቅም እንደሆነ ለማወቅ በመጀመሪያ የኸር2 ምርመራ ያስፈልጋል። ቀጥሎ መድኃኒቱ በኢትዮጵያ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን መመዝገብ አለበት፤ የአሜሪካ ፈቃድ እዚህ ፈቃድ አይሆንም። ለምዝገባ የሚያመለክተው ደግሞ ራሱ አምራቹ ወይም ወኪሉ ነው። ገዢው ጥቂት፣ ገንዘቡ ትንሽ ለሆነ ገበያ ደግሞ ማንም አይቸኩልም።

በመጨረሻም ዋጋው አለ። ካድሳይላ እ.ኤ.አ. በ2013 አሜሪካ ገበያ ሲወጣ የወር ዋጋው 9,800 ዶላር ነበር። ዶላር በ57 ብር ሲመነዘር ይህ 560,000 ብር ገደማ ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገና ዶላር ከ100 ብር ካለፈ በኋላ ያው ዋጋ ከ980,000 ብር በላይ ሆነ። ዋጋው በቅናሽ ቢወርድ እንኳ፣ ጤፍ ሸጣ የምትታከም ሴት የምትደርስበት አይደለም።

ሆኖም ውድ መድኃኒት ኢትዮጵያ የደረሰበት ጊዜ አለ። ግሊቬክ የተባለው የደም ካንሰር መድኃኒት እ.ኤ.አ. በ2001 አሜሪካ ውስጥ ከተፈቀደ በኋላ፣ አምራቹ ኖቫርቲስ በዘረጋው የዕርዳታ ፕሮግራም በጥቁር አንበሳ ለሚታከሙ ሕሙማን ለዓመታት በነፃ ሲሰጥ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ2017ም ፋይዘርና ሲፕላ ኢትዮጵያን ጨምሮ ለስድስት የአፍሪካ አገሮች የኬሞቴራፒ መድኃኒቶችን በቅናሽ ለማቅረብ ተስማምተዋል። የመጀመሪያው በሰጪው ፈቃድ የቆመ ነው፤ ሁለተኛው የቆዩ መድኃኒቶችን እንጂ እንደ ካድሳይላ ያሉትን አይጨምርም።

ሦስተኛው መንገድ በአገር ውስጥ ማምረት ነው። መንግሥት እ.ኤ.አ. ከ2015 እስከ 2025 የሚዘልቅ የመድኃኒት ማምረቻ ስትራቴጂ አውጥቶ ነበር፤ በአዲስ አበባ ቂሊንጦም ለዘርፉ የኢንዱስትሪ ፓርክ ተሠርቷል። በአማራ ክልልም የቻይናው ሂዩማንዌል በሰሜን ሸዋ ያቋቋመው ፋብሪካ በ2010 ዓ.ም. ተመርቋል። የካንሰር መድኃኒት ግን ከሽሮፕና ከእንክብል ይለያል። ብናኙ ለሠራተኛው መርዝ ስለሆነ የተለየ ሕንፃ፣ የተለየ የአየር ማጣሪያና የተለየ ሥልጠና ይጠይቃል፤ ገንዘቡም ቶሎ አይመለስም። በጥር 2017 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ በባንክ አክሲዮን ተከፍቷል። እንዲህ ያለ ፋብሪካ አንድ ቀን ከሕዝብ ካፒታል ሊሰበስብ የሚችልበት በር እርሱ ነው፤ ገዢው ግን የመድኃኒት ምዝገባው በስንት ጊዜ እንደሚያልቅና መንግሥት ምን ያህል እንደሚገዛ አስቀድሞ ማወቅ ይፈልጋል።

ወደ አጣጡ ስንመለስ፣ ያለፈውን ናሙና በፍርድ ቤት ማስመለስ አይቻልም። ነገ አንድ ተመራማሪ ወደ አዋበል መጥቶ ቅርንጫፍ ሊቆርጥ ቢፈልግ ግን ፈቃድና ውል ይጠየቃል። በዚያ ውል ላይ ከገንዘብ ድርሻው ጎን ሁለት ነገሮች ሊጻፉ ይችላሉ፤ ከናሙናው የሚወጣ መድኃኒት ሁሉ ኢትዮጵያ ውስጥ ለምዝገባ እንዲቀርብ፣ ዋጋውም የአገሩ ሕሙማን በሚችሉት ልክ እንዲሆን። እነዚህን ሁለት መስመሮች የማስጻፍ ሥልጣን ያለው ብዝሃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ነው፤ ለመድኃኒቱ በሩን የሚከፍተው ደግሞ መድኃኒት ባለሥልጣኑ። ሁለቱ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ሊቀመጡ የሚገባው ቅርንጫፉ ከመቆረጡ በፊት ነው።