መሻገሪያው ብቻ

መጽሐፍ ቅዱስን እያጠኑ ከመጽሐፍ ቅዱስ መራቅ ይቻላል ብላችሁ ታምኑኛላችሁ? በእኔ ደርሷል።

ከመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ ከተመረቅኩ ከዓመታት በኋላ፣ ልጆቻችን ከፍ ከፍ ሲሉ፣ ከአምቦ ሳልወጣ ትምህርቴን በኦንላይን ቀጠልኩ። ይህ ትልቅ በረከት ነው፤ ቀድሞ ቢሆን ወይ ቤቴን ትቼ አዲስ አበባ መክረም ወይ ትምህርቱን መተው ነበር። ነገር ግን ቀኔ የእንግዳና የጉባኤ፣ ሌሊቴ የትምህርት ሆነ። ልጆቹ ሲተኙ ስልኬን ይዤ እቀመጣለሁ። መብራት ይጠፋል፤ የኢንተርኔት ጥቅሌ ያልቃል፤ የቤት ሥራ ማስረከቢያው ሰዓት ግን አይጠብቅም። ቀስ በቀስ ቃሉን የማነበው ለነጥብ ብቻ ሆነ።

አንድ ምሽት ትዳራቸው የታወከባቸው ባልና ሚስት ሊያማክሩን መጡ። እነርሱ ሲያለቅሱ ዓይኔ ስልኬ ላይ ነበር። ከሄዱ በኋላ ባለቤቴ፣ «ስለ እግዚአብሔር ብዙ ተምረሻል፤ ከእርሱ ጋር የተነጋገርሽው ግን መቼ ነው?» አለኝ። ተቆጣሁ። «አንተ ቢሮህን ዘግተህ ትጸልያለህ። እኔ የቱን በር ልዝጋ?» አልኩት። ሁለታችንም ዝም አልን፤ ሁለታችንም እውነት ተናግረን ነበርና።

ቅዳሜ ሲደርስ፣ «ልጆቹን እኔ እይዛለሁ፤ አንቺ ወንጪ ደርሰሽ ነይ» አለኝ።

ወንጪ ከአምቦ በስተደቡብ ወደ ወሊሶ በሚወስደው መንገድ የሚገኝ፣ በጥንት እሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ የተኛ ሐይቅ ነው። ከባሕር ጠለል በላይ 2,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነ ብርዱ ጋቢ ያስፈልገዋል። በ2014 ዓ.ም. የዓለም ቱሪዝም ድርጅት ወንጪን ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዱ አድርጎ መርጦታል። በሐይቁ ደሴት ላይ የቂርቆስ ገዳም ስላለ ሰው በጀልባ ይሻገራል። እኔም ተሳፈርኩ። ቀዛፊው ወጣት፣ «እናቴ፣ ፎቶ ላንሳዎት?» አለኝ። «አይ ልጄ፣ ስልኩንስ ላጥፋው» አልኩት።

በእጄ የቀረው የቤት ሥራዬ ክፍል ነበር፤ ማርቆስ ምዕራፍ 6። ደቀ መዛሙርቱ ከአገልግሎት ተመልሰዋል። ከሰዉ ብዛት የተነሣ እህል የሚቀምሱበት ፋታ እንኳ አጥተዋል። ጌታም ለብቻቸው ጥቂት እንዲያርፉ ጠራቸውና በጀልባ ሄዱ። ሕዝቡ ግን በእግር ሮጦ ቀደማቸው። ይህን ክፍል ስንት ጊዜ አስተምሬዋለሁ! ልብ ያላልኩት ግን አንድ ነገር ነበር። ሲደርሱ የጠበቃቸው ዕረፍት ሳይሆን ጉባኤ ነው። ከዚያ በፊት ያገኙት ጸጥታ መሻገሪያው ብቻ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1986 የገሊላ ባሕር ውሃ በድርቅ ሲቀንስ በጌታ ዘመን አካባቢ የነበረች የእንጨት ጀልባ ከጭቃው ውስጥ ተገኝታለች። ርዝመቷ ከ8 ሜትር ጥቂት ቢበልጥ ነው፤ በሸራም በመቅዘፊያም ትሄድ ነበር። አሥራ ሁለቱ ከጌታቸው ጋር በእንዲህ ዓይነቷ ተሳፍረው ከሆነ ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተው ነበር ማለት ነው። እኔ ግን ጸጥታን ለማግኘት ሰፊ ቤትና ባዶ ቀን እየጠበቅኩ ኖሬአለሁ።

ጌታ ከጀልባዋ ሲወርድ የጠበቀውን ሕዝብ አይቶ አልተማረረም፤ አዘነላቸው። እኔ በር ባንኳኳ ሰው ሁሉ ስንት ጊዜ ተማርሬአለሁ! እነዚያ ባልና ሚስት ትዝ አሉኝና አለቀስኩ። ቀዛፊው ልጅ መቅዘፊያውን አሳርፎ ፊቱን አዞረልኝ። ከብዙ ወራት በኋላ ለነጥብ ያልሆነ ጸሎት ጸለይኩ።

ወንጪ በየሳምንቱ አይኬድም፤ ወጪውም አይቻልም። ስለዚህ ከባለቤቴ ጋር ተነጋገርን። ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል እስከ 12 ሰዓት የእኔ መሻገሪያ ሆነ። በር ቢንኳኳ እርሱ ይከፍታል፤ ልጅ ቢነቃ እርሱ ያነሣል። በእርሱ ሰዓት ደግሞ እኔ። ስልኬ ሌላ ክፍል ያድራል። በዚያ ግማሽ ሰዓት የማነበው የቤት ሥራ የሌለበትን ክፍል ነው። ልጅ ሲያመን ወይም ለቅሶ ሲያጋጥም ይቀራል፤ በማግስቱ ግን እንመለስበታለን።

የቤት ሥራዬን ዘግይቼ አስረክቤ ነጥብ ተቀነሰብኝ። እነዚያን ባልና ሚስት ግን ይቅርታ ጠይቄ እንደገና ቤታችን ጠራኋቸው። ያን ምሽት እስኪጨርሱ ሰማኋቸው።

ባሎች ሆይ፣ ሚስቶቻችሁ የሚዘጉት በር አላቸው? ሚስቶችስ፣ የባሎቻችሁን ሰዓት ትጠብቁላቸዋላችሁ? ዛሬ ማታ ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩበት። ጌታ ቤታችሁን ይባርክ።