መረቡ ሞልቶ ወጣ ማለት ዓሣው በዛ ማለት ነውን?

በይፋት ቆላ፣ በጀውሃ ተቀምጠን ስለ ቀዝቃዛ ባሕር ዓሣ ብንጽፍ «እኛን ምን አገባን?» የሚል አይጠፋም። ነገሩ ግን ያገባናል። በጾም ወራት ዓሣ ፈላጊው በአገራችን ይበዛል፤ በሩቁ ባሕር የተሠራው ስሕተትም በጣና ሐይቃችን ተደግሟል። ስለዚህ ከሩቁ ጀምረን ወደ ቅርቡ እንምጣ።

ኮድ የሚባለው ዓሣ የሚኖረው በሰሜን አትላንቲክ ውቅያኖስ ነው። ለሕፃናት የሚሰጠው የዓሣ ዘይት ከዚሁ ዓሣ ጉበት ይወጣል። ውሃው እጅግ ሲቀዘቅዝ ደሙ በረዶ እንዳይሆን የሚከላከል ፕሮቲን በሰውነቱ ውስጥ ያዘጋጃል። አንዲት ትልቅ እንስት በአንድ ወቅት በሚሊዮን የሚቆጠር እንቁላል ትጥላለች። ታዲያ እንዴት ያልቃል? እንቁላሉና ጫጩቱ አብዛኛው ይበላል፤ የተረፈውም በካናዳ ምሥራቃዊ ባሕር ለመራባት እስኪደርስ ከ5 እስከ 7 ዓመት ይፈጅበታል።

እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ ጀምሮ ዓሣውን አስግረው እዚያው የሚያቀዘቅዙ ታላላቅ መርከቦች ከአውሮፓ ወደዚያ ባሕር ጎረፉ። በ1968 ብቻ ከኒውፋውንድላንድ አካባቢ ከ800,000 ቶን በላይ ኮድ ተያዘ። ከዚያ በኋላ ዓሣው እየመነመነ ሲሄድ እንኳ መረቡ ሞልቶ ይወጣ ነበር። ምክንያቱም ኮድ ለመራባት በአንድ ቦታ ይሰበሰባል፤ ቁጥሩ ሲያንስም የቀረው እርስ በርሱ ይጠጋጋል። አስጋሪው ደግሞ የተሰበሰበበትን ቦታ ያውቃል። በ1992 የካናዳ መንግሥት ማስገሩን ሲዘጋ 30,000 ያህል ሰዎች ሥራ ፈቱ። እገዳው የተነሣው ከ32 ዓመት በኋላ፣ በ2024 ነው፤ ያውም በተወሰነ መጠን።

አሁን ወደ ጣና እንመለስ። ጣና ባሕር አይደለም፤ ውሃውም እንደ አትላንቲክ አይቀዘቅዝም። ሆኖም በሐይቁ ከቀረሶና ከአምባዛ ሌላ ነጭ ዓሣ የሚባሉ 15 ያህል ዝርያዎች አሉ፤ አብዛኞቹ ከጣና በቀር በዓለም ላይ የሉም። ከእነዚህ ብዙዎቹ በክረምት ወደ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ወንዞች ወጥተው በጠጠር ላይ እንቁላል ይጥላሉ። እንቁላላቸውም እንደ ኮድ በሚሊዮን ሳይሆን በሺህ የሚቆጠር ነው።

ቀድሞ በደንገል ታንኳ ብቻ ይሰገርበት በነበረው ሐይቅ እ.ኤ.አ. በ1986 የሞተር ጀልባና ረጃጅም መረብ ገባ። አስጋሪዎች ዓሣው ወንዝ ሊገባ በሚሰበሰብበት አፍ ላይ መረብ ዘረጉ። ወንዝ ውስጥ የብርብራ ፍሬ ወቅጠው ዓሣ የሚያደነዝዙም ነበሩ። ከ1991 እስከ 2001 በተደረገ ንጽጽር የነጭ ዓሣው ብዛት ሦስት አራተኛ ያህል ቀንሶ ተገኘ።

ይህን ለተማሪዎች በባቄላ ማስረዳት ይቻላል። አንድ ቁና ባቄላ በጠረጴዛ ላይ እንከምርና ተማሪው ዓይኑን ጨፍኖ ይዝገን። ክምሩ ሊያልቅ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ጭብጡ ይሞላል። ያንኑ ያህል ባቄላ በወለሉ ላይ በትነን እንዲሁ ጨፍኖ እየዳበሰ ቢለቅም ግን እያነሰ መሄዱን እጁ ራሱ ይነግረዋል። ኮድም ነጭ ዓሣም ክምሩን ናቸው። እንግዲህ መረብ የሚነግረን ዓሣው የት እንዳለ ነው እንጂ ስንት እንደቀረ አይደለም።

ታዲያ ማስገር ይቅር ማለታችን ነውን? አይደለም። ከሐምሌ እስከ ጥቅምት የወንዞቹ አፍ ይጠበቅ፣ የመረቡም ዓይን ትንሹን ዓሣ የሚያሳልፍ ይሁን ነው የምንለው። አገራችን በ1995 ዓ.ም. የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ አውጥታለች። ይሁንና ሕግ ብቻውን ወንዝ ዳር አይቆምም፤ ምክንያቱን የተረዳ ልጅ ግን ይቆማል። ያንን ልጅ ማስተማር ደግሞ የእኛ የመምህራን ሥራ ነው።