ከኦስሎ እስከ ቆቦ፦ የሰላምና የግጭት አፈታት ጥናት አመጣጥ

እንደሚታወቀው በአገራችን ስለ ሰላም የማይመርቅ ሽማግሌ የለም። ሰላም ራሱን የቻለ የዩኒቨርሲቲ ትምህርት የሆነው ግን ገና ትናንት ነው ማለት ይቻላል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የአቶም ቦምብ ያሰጋቸው ምሁራን «ጦርነትስ እንደ በሽታ መንስኤው ተጠንቶ መከላከያ አይገኝለትም ወይ?» ብለው ጠየቁ። በዚህም መሠረት እ.ኤ.አ. በ1957 በአሜሪካ ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ የግጭት አፈታት መጽሔት መታተም ጀመረ። በ1959 ደግሞ ኖርዌያዊው ዮሃን ጋልቱንግ ከባልደረቦቻቸው ጋር በኦስሎ የሰላም ምርምር ተቋም መሠረቱ።

የጋልቱንግ ትልቁ አስተዋጽኦ ሰላምን በሁለት ከፍለው ማሳየታቸው ነው። ተኩስ መቆሙ ብቻውን «አሉታዊ ሰላም» ነው። የግጭቱ መንስኤ ሲነቀል፣ ፍትሕና መተማመን ሲሰፍን ግን «አዎንታዊ ሰላም» ይባላል። ልዩነቱን ለመረዳት ቆቦን ማየት ይበቃል። ነሐሴ 18 ቀን 2014 ዓ.ም. በቆቦ ዙሪያ ውጊያ አገረሸ፤ ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. የፕሪቶሪያ ስምምነት ተፈረመ። ይሁን እንጂ ዓመት ሳይሞላ፣ በዚያው ዓመት ክረምት፣ በአማራ ክልል ሌላ ግጭት ተነሣ። ፊርማ ጠመንጃን ያስቀምጥ ይሆናል፤ ቂምን ግን ብቻውን አያነሳም።

ወደ አገራችን ስንመጣ፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሰላምና ደኅንነት ጥናት ተቋም እ.ኤ.አ. በ2007 ተቋቋመ። በ2008 ደግሞ አሉላ ፓንክረስትና ጌታቸው አሰፋ ያዘጋጁት የባህላዊ ዳኝነት ጥናቶች መድበል ታተመ። በውስጡ በራያና በወጀራት የሚሠራው «አቦ ገረብ» ይገኝበታል፤ ደገኛውና አፋሩ በግጦሽ፣ በውሃና በከብት ሲጣሉ የሚያስታርቁ ሽማግሌዎች ናቸው። በራያ ቆቦ በኩል ደግሞ «ዘወልድ» የሚባለው ሥርዓት ደም በማድረቅ ይታወቃል።

ታዲያ ፍርድ ቤት እያለ ይህ ለምን አስፈለገ? ፍርድ ቤት ገዳዩን ያስራል እንጂ የሁለቱን ወገን ዘመዶች በአንድ ገበያ አያገናኝም። እስረኛው ጨርሶ ሲወጣ ደሙ ካልደረቀ ሌላ ሰው ይሞታል። በሌላ በኩል የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 34 በባህል ሕግ መዳኘትን በተከራካሪዎች ፈቃድ የፈቀደው ለግልና ለቤተሰብ ጉዳይ ነው። ስለዚህ በግድያ ጉዳይ ሽማግሌው ከዳኛው ጎን ይሠራል እንጂ አይተካውም።

ሽምግልናን ማድነቅ ብቻም ጥናት አይደለም። ብዙ ጊዜ ሸንጎው ላይ ሴቶችና ወጣቶች አይቀመጡም። ካሣውን የሚያዋጣው ያላጠፋ ዘመድ ጭምር ነው። ባሏ የሞተባት ሴት እውነት ይቅር ብላ ነው ወይስ «እንቢ» ማለት ነውር ሆኖባት? ይህን የሚጠይቅ ተማሪ ያስፈልጋል።

ለማጠቃለል ያህል፣ ትምህርቱ «አገሮች ለምን ይዋጋሉ?» ብሎ ጀምሮ «ጎረቤታሞች እንዴት ይታረቃሉ?» ወደሚለው ደርሷል። ለሁለተኛው ጥያቄ ከመጽሐፍ ቤት ባልተናነሰ የራያ ዋርካ ሥር መልስ አለ። ሽማግሌዎቹ ሳያልፉ ሄደን ብንጠይቅ መልካም ነው።